ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ፦ ሳልሞኔላን በዶሮ እርባታ የመለየትና የመቆጣጠር ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ በዶሮ እርባታ ውስጥ እንዴት እንደታወቀ፣ በምን ዘዴ ሲፈለግ እንደኖረና በምን እንደተገታ የሚያሳየውን ታሪክ ነው። ታሪኩ ወደ 140 ዓመት ይጠጋል። በዚህ ዘመን ውስጥ የተገኙትን ግኝቶች ሁሉ መዘርዘር አልሻም፤ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈውን አንድ ክር ለመከተል እሞክራለሁ። ይኸውም፦ ምርመራ የሚያገኘው እንዲያገኝ የተሰናዳለትን ብቻ ነው። አንዱን ጠላት አጥርቶ እንዲያይ የተሠራ ዘዴ፣ ሌላው በአጠገቡ ሲያልፍ ሊስተው ይችላል። ይህ በሳልሞኔላ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ተከሥቷል፤ ለሀገራችን የዶሮ እርባታም ዛሬ መልስ የሚሻ ጥያቄ ሆኗል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የባክቴሪያው ስም ራሱ የተወለደው ከስሕተት ጋር ነው። በ1885 በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሥር በነበረው የእንስሳት ኢንዱስትሪ ቢሮ ውስጥ ቴዎባልድ ስሚዝ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከታመሙ አሳማዎች አንድ ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። በዚያን ጊዜ የአሳማ ኮሌራ የተባለ በሽታ የገበሬውን ሀብት ያወድም ስለነበር፣ ስሚዝና የቢሮው ኃላፊ ዳንኤል ኤልመር ሳልሞን የበሽታውን መንሥኤ ያገኙ መሰላቸው። ሳልሞን በ1876 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለ ሰው ነው። በ1900 ሊኚዬር የተባለው ሊቅ ለባክቴሪያው ወገን የሳልሞንን ስም ሰጠው፤ ለይቶ ያወጣው የስሚዝ ስም ግን ወደ ኋላ ቀረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሳማ ኮሌራ መንሥኤ በማጣሪያ ሾልኮ የሚያልፍ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ሳልሞኔላ በታመሙት አሳማዎች ውስጥ መገኘቱ እውነት ነበር፤ የወረርሽኙ እውነተኛ መንሥኤ ግን በዘመኑ አጉሊ መነጽር የማይታይ ሌላ ተሕዋስ ነበር።

ከዚሁ ሥራ በኋላ ዘመን ብዙ ፍሬ የሰጠ አንድ ነገርም ተገኝቷል። በ1886 ሳልሞንና ስሚዝ ባክቴሪያውን በሙቀት ገድለው ርግቦችን ከተቡበት፤ ርግቦቹም በኋላ ሕያው ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ተቋቋሙት። የሞተ ተሕዋስ ክትባት ሊሆን እንደሚችል ካሳዩት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። እንቁላል የሚመገበውን ሰው ለመጠበቅ ሲባል ዶሮን በስፋት ወደ መከተብ እስኪደረስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በመካከሉ የሆነው ምንድን ነው? የንግግሬ ዋና ክፍል ይህ ነው።

ዶሮ አርቢው ከሳልሞኔላ ጋር የተዋወቀው በራሱ ኪሳራ በኩል ነበር። በ1899 ሊዮ ሬትገር የተባለው አሜሪካዊ የባክቴሪያ ሊቅ በተፈለፈሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያልቁ ጫጩቶችን መርምሮ የሞታቸውን ምክንያት አገኘ። ጫጩቶቹ ነጭ ተቅማጥ ይይዛቸዋል፤ ክንፋቸውን ጥለው ተኮራምተው ይሞታሉ። በሽታው ኋላ ፑሎረም ተባለ። የቅርብ ዘመዱ የሆነውና ያደጉ ዶሮዎችን የሚገድለው የዶሮ ታይፎይድ ደግሞ ቀደም ሲል በ1889 በእንግሊዝ ተገልጾ ነበር። የሁለቱም መንሥኤዎች በዶሮ ላይ የሚጨክኑ፣ ሰውን ግን እምብዛም የማያሳምሙ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው የቁጥጥር ዘመቻ የተነሣው የአርቢውን ሀብት ለማዳን ነበር፤ የተመጋቢው ጤና ገና የዶሮ ቤት ጉዳይ ሆኖ አልታየም።

ሬትገርና የሥራ ባልደረባው ስቶንበርን በ1909 በኮነቲከት ያወጡት ጥናት የችግሩን ሥር ገለጠ። ከበሽታው የተረፈች ጫጩት አድጋ ጤነኛ የምትመስል ዶሮ ትሆናለች፤ ትበላለች፣ ትጥላለች፤ ባክቴሪያው ግን በኦቫሪዋ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከምትጥላቸው እንቁላሎች አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን በአስኳላቸው ይዘው ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በማስፈልፈያ መሣሪያ ውስጥ ሲፈለፈል፣ ከጫጩቱ የሚነሣው የላባ ብናኝ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ይበክላል። ዘመኑ ደግሞ ታላላቅ የጫጩት ማስፈልፈያዎች የተስፋፉበት ነበር፤ ከ1918 ጀምሮ በአሜሪካ የአንድ ቀን ጫጩቶችን በፖስታ መላክ ተፈቀደ። በአንድ መንደር የነበረ በሽታ በባቡር ተጭኖ በሀገሩ ሁሉ ለመዳረስ ሁለት ቀን በቂ ሆነ። የታመመችውን ዶሮ ማስወገድ ማንም ያውቃል፤ አስቸጋሪው ያልታመመችውን ተሸካሚ መለየት ነበር።

መፍትሔው ከሰው ሕክምና ተወሰደ። በ1896 የአንጀት ተስቦ ሕመምተኛ ሴረም ከበሽታው ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቀል ባክቴሪያዎቹ እንደሚጓጉሉ ታውቆ ለምርመራ ውሎ ነበር። በ1913 ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ዘዴ ተሸካሚ ዶሮዎችን ለመለየት ተጠቀመበት። ሥራው ግን ደም መቅዳትን፣ ሴረም መለየትንና ቤተ ሙከራን የሚጠይቅ ነበር። በ1931 በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች የዘረጉት ቀላል ዘዴ ምርመራውን ከቤተ ሙከራ ወደ ዶሮ ቤት አመጣው፦ የዶሮዋ የክንፍ ደም ሥር በመርፌ ይነካል፤ አንዲት ጠብታ ደም ሐምራዊ ቀለም ከተነከረ የሞተ ባክቴሪያ ጋር በመስተዋት ላይ ይቀላቀላል፤ ዶሮዋ ተሸካሚ ከሆነች በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ቅልቅሉ ይጓጉላል። መርማሪው ከአርቢው ፊት ቆሞ ውጤቱን ማሳየት ቻለ።

መሣሪያው ብቻውን በሽታውን አላጠፋም። በ1935 በአሜሪካ ሥራ የጀመረው ብሔራዊ የዶሮ ማሻሻያ ዕቅድ መሣሪያውን ከሥርዓት ጋር አገናኘው። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የፌዴራሉ መንግሥትና ክፍለ ግዛቶች በጋራ ይመሩት ነበር። የተመረመረና ነጻ የሆነ የወላጅ መንጋ ያለው ማስፈልፈያ ይህንኑ የሚመሰክር ማረጋገጫ ይሰጠዋል፤ ገዢውም ማረጋገጫ ያለውን መርጦ ይገዛል። ዕቅዱ ከላይ ጀምሯል፤ አንዲት ወላጅ ዶሮ ነጻ ስትሆን ከእርሷ የሚወለዱት ሁሉ ነጻ ሆነው ይጀምራሉና። እንዲህ ባለ አሠራር በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ፑሎረምና የዶሮ ታይፎይድ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የንግድ እርባታዎች ሊጠፉ ምንም አልቀራቸውም። በእንስሳት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከታዩት ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ መዝገብ እየተሞላ ነበር። እንግሊዛዊው ብሩስ ዋይትና በኮፐንሃገን ይሠራ የነበረው ፍሪትዝ ካውፍማን ሳልሞኔላዎችን በገጽታቸው ላይ ባሉ ንጥረ ነገሮች መሠረት የሚመድብ ሥርዓት አበጁ። ሴሮታይፕ የሚባሉት ዓይነቶች ዛሬ ከ2,500 በላይ ደርሰዋል። የዚህ ምደባ ጥቅም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታየ። ብሪታንያ ትኩስ እንቁላል ሲያጥራት ከአሜሪካ በዱቄት መልክ የደረቀ እንቁላል ታስመጣ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት በሀገሪቱ ሕሙማን ላይ ቀድሞ ያልነበሩ ወይም እምብዛም ያልታዩ ሴሮታይፖች ይገኙ ጀመር፤ እነዚሁ ዓይነቶች በእንቁላሉ ዱቄት ውስጥም ተገኙ። የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ1947 ያወጣው ዘገባ ይህን ግንኙነት አስረዳ። የአርቢውን ጫጩት የማይገድል፣ ሰውን ግን የሚያሳምም ሳልሞኔላ በዶሮ በኩል ባሕር መሻገሩ ግልጽ ሆነ። የክንፉ የደም ምርመራ ግን የተሰናዳው ለእነዚህ ዓይነቶች አልነበረም።

ከዚህ ትምህርት አስቀድመው የተጠቀሙት የሰሜን አውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ትምህርቱንም በከባድ ዋጋ ገዝተውታል። በ1953 በጋ በስዊድን አልቬስታ ከተማ ከሚገኝ ቄራ በተሠራጨ ሥጋ ምክንያት ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው ታመመ፤ 90 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ሥጋው የዶሮ አልነበረም፤ ከዚያ የወጣው ሕግ ግን ዶሮንም አካተተ። ስዊድን ከ1961 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የሚገኝ ሳልሞኔላ፣ ዓይነቱ ማንኛውም ቢሆን፣ እንዲገለጽና እርምጃ እንዲወሰድበት ደነገገች። የዚህ ውሳኔ ጥበብ የተወሰኑ ሴሮታይፖችን መርጦ ሌሎቹን ችላ ባለማለቱ ላይ ነው።

ጎረቤቷ ፊንላንድ በበኩሏ በ1971 ከመኖ ጋር የገባ ሳልሞኔላ በሥጋ ዶሮዎቿ ተስፋፋባት። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው በ1973 አንድ አስደናቂ ውጤት አሳተሙ። በማስፈልፈያ የሚወለድ ጫጩት እናቱን አያውቅም፤ ከኩሷ ጭሮ የሚያገኘውን ጠቃሚ ተሕዋስም አያገኝም። አንጀቱ ባዶ ቤት ስለሆነ ቀድሞ የደረሰ ይሰፍርበታል። ተመራማሪዎቹ ከጤነኛ ያደገ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ተሕዋስ ለጫጩቶች ሲሰጡ ሳልሞኔላ ሥፍራ አጣ። በሀገራችን ጓሮ እናት ዶሮ ለጫጩቶቿ ያለ ክፍያ የምታደርገውን፣ ኢንዱስትሪው በቤተ ሙከራ መልሶ መሥራት ነበረበት።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ 1980ዎቹ እንድረስ። በዚያ ዐሥርት ዓመት ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስ የተባለው ሴሮታይፕ በአውሮፓና በአሜሪካ በአንድነት ተነሣ። ቀድሞ የሚታወቀው የእንቁላል ብክለት ከኩስ የሚመጣ፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ወይም የቆሸሸ እንቁላል ላይ የሚታይ ነበር። አሁን ግን በ1988 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ንጹሕና ያልተሰነጠቀ፣ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው እንቁላል የበሽታው ዋና ምንጭ መሆኑን አሳየ። ባክቴሪያው ወደ ዶሮዋ ኦቫሪና የእንቁላል ቧንቧ ገብቶ፣ ቅርፊቱ ከመሠራቱ በፊት በውስጡ ይቀመጣል። ሬትገር በ1909 ያገኘው መንገድ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዶሮዋም ጫጩቷም አለመሞታቸው፣ የሚታመመው ሰው መሆኑ ነው። አርቢው ኪሳራ ስላላየ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም።

ጉዳዩ ወደ አደባባይ የወጣው በብሪታንያ ነው። የጤና ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር የነበረችው ኤድዊና ከሪ በታኅሣሥ 1988 አብዛኛው የሀገሪቱ የእንቁላል ምርት በሳልሞኔላ ተነክቷል የሚል ቃል ተናገረች። የእንቁላል ገበያ ወዲያውኑ ወደቀ፤ አምራቾች ተቆጡ፤ ምክትል ሚኒስትሯም በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥልጣኗን ለቀቀች። በዚያ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ነበር፦ የተበከለ መንጋና የተበከለ እንቁላል። በተበከለ መንጋ ውስጥ እንኳ ባክቴሪያ ያለበት እንቁላል ጥቂት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ባወጣው የስጋት ግምገማ በሀገሪቱ ከ20,000 እንቁላል አንዱ እንደሚበከል ተገምቷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ በየዓመቱ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር እንቁላል ለሚበላ ሕዝብ ግን ሚሊዮኖች ማለት ነው። ደግሞም እንቁላሉን እየሰበሩ መመርመር ከንቱ ድካም መሆኑን ይኸው ቁጥር ያስረዳል። መፈለግ ያለበት በእንቁላሉ ውስጥ ሳይሆን እንቁላሉ በሚጣልበት ቤት ነው።

ኢንተሪቲዲስ ስለ ምን በዚያን ጊዜ ተነሣ? ለዚህ የቀረቡትን ሁለት ማብራሪያዎች ልጥቀስ። በ2000 በይምለርና ባልደረቦቹ በሳይንስ መጽሔት ያቀረቡት መላ ምት፣ የፑሎረምና የዶሮ ታይፎይድ መጥፋት ራሱ በሩን ከፈተ ይላል። የሦስቱም ባክቴሪያዎች ገጽታ አንድ ዐይነት ዋና ምልክት አለው፤ ስለዚህ ቀድሞ በመንጋው ውስጥ የነበረው በሽታ ዶሮዎቹ ለኢንተሪቲዲስም መከላከያ እንዲኖራቸው ያደርግ ነበር፤ ሲጠፋ ባዶ ሥፍራ ተገኘ። ሁለተኛው ማብራሪያ ከ30,000 የሚበልጡ የባክቴሪያውን ጂኖሞች አነጻጽሮ በ2021 ከታተመ ጥናት የመጣ ነው። በዚህ ጥናት መሠረት ባክቴሪያው ዓለምን ያዳረሰው የጥቂት አቅራቢዎች የዘር ዶሮዎች ወደ ብዙ አገሮች ሲላኩ ነው። ሁለቱ ማብራሪያዎች እርስ በርስ አይጣሉም፤ አንዱ ሥፍራው ለምን ባዶ እንደነበረ፣ ሌላው እንግዳው በየትኛው መንገድ እንደመጣ ይናገራል። በሁለቱም ውስጥ ተሸካሚዋ ያው ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ ናት።

የብሪታንያ መንግሥት ከ1989 ጀምሮ የተበከሉ እንቁላል ጣይ መንጋዎችን እንዲታረዱ አዘዘ። እርምጃው ብዙ ዶሮ ፈጀ፤ የሰው ሕመም ግን አልቀነሰም፤ በ1993 ቀረ። ለውጡ የመጣው አምራቾች በ1998 በአንበሳ ምልክት የሚታወቀውን የጥራት ሥርዓት ሲያጸኑና እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን ሁሉ ወደ መከተብ ሲገቡ ነው። ከክትባቱ ጋር የአይጥ ቁጥጥር፣ የመኖ ንጽሕና፣ የቤት ማጽዳትና በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የሚታተም መለያ ነበሩ። የበሽታው ቁጥር በፍጥነት ወረደ። በ2017 የሀገሪቱ የምግብ ደረጃዎች ባለሥልጣን ምልክቱ ያለበትን እንቁላል እርጉዞች፣ ሕፃናትና አረጋውያንም ሳይበስል ሊበሉት እንደሚችሉ አስታወቀ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ባወጣው ደንብ መንገዱን ለአባል አገሮች ሁሉ ዘረጋ። በ2004 እና በ2005 በእንቁላል ጣይ እርሻዎች በተደረገው የመነሻ ጥናት ከአምስት እርሻ አንዱ ገደማ በኢንተሪቲዲስ ወይም በታይፊሙሪየም ተበክሎ ተገኘ። ከፍተኛ ብክለት ባለባቸው አገሮች ክትባት ከ2008 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። አንቲባዮቲክን ሳልሞኔላን ለመቆጣጠር መጠቀም ደግሞ ተከለከለ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ መድኃኒቱን የሚቋቋም ባክቴሪያ ይፈጥራል፤ ባክቴሪያውንም ሳያጠፋ ከምርመራ ይሰውረዋል። ከ2004 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በኅብረቱ የተመዘገበው የሰው ሳልሞኔላ ሕመም ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። ዛሬ የተለመደው አሠራር መርማሪው በጫማው ላይ የጨርቅ ሽፋን አጥልቆ በዶሮ ቤቱ ጉዝጓዝ ላይ መመላለስ ነው። አንዲት ዶሮ ባክቴሪያውን አንድ ቀን ጥላ ሌላ ቀን ላትጥል ትችላለች፤ ጨርቁ ግን የመንጋውን ሁሉ አሻራ ይሰበስባል። ናሙናው በቤተ ሙከራ በመጀመሪያ የደከመ ባክቴሪያ እንዲያገግም በሚያደርግ ፈሳሽ ውስጥ ያድራል፤ ቀጥሎ ሳልሞኔላን ለይቶ በሚያሳድግ ከፊል ጠጣር ማብቀያ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያም በሳሕን ላይ ይዘራል። ውጤቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይወስዳል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ያ ከፊል ጠጣር ማብቀያ የሚሠራው ሳልሞኔላ በራሱ ኃይል ስለሚዋኝ ነው፤ ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ትቶ ወደ ዳር ሲስፋፋ ይታያል። የፑሎረምና የዶሮ ታይፎይድ ባክቴሪያዎች ግን መዋኛ የላቸውም። የአውሮፓን የዛሬ ስጋት ለማግኘት የተሰናዳው ዘዴ የአያቶቹን ጠላት አያይም። በ1931 የተሠራው የደም ምርመራ በጦርነቱ ጊዜ የተሻገሩትን ሴሮታይፖች እንዳላየ ሁሉ፣ ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ቆሟል።

ይህ ለኢትዮጵያ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም። በ1950ዎቹ የውጭ ዝርያዎች በጅማና በአለማያ የግብርና ትምህርት ተቋማት በኩል መግባት ከጀመሩ ወዲህ ዘመናዊው እርባታ እየሰፋ መጥቷል፤ የንግድ እርባታው የሚቆመውም ከውጭ በሚመጡ የወላጅ ጫጩቶች ላይ ነው። የዶሮ ታይፎይድ በእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል። ስለዚህ በአንድ ዶሮ ቤት ውስጥ የ1910ሮቹና የ1980ዎቹ ጠላቶች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። የአውሮፓን መመሪያ እንዳለ የሚገለብጥ ቤተ ሙከራ አንደኛውን ይስታል። የደም ምርመራን ብቻ የሚያምን ደግሞ የተከተበችውን ዶሮ ከታመመችው ለመለየት ይቸገራል፤ ሁለቱም ደማቸው ይጓጉላልና። ሁለት ጠላት ያለው ሁለት ዐይን ያስፈልገዋል፤ የክትባት መዝገብም ከምርመራው ጋር መጓዝ አለበት።

ዶሮ ወጣችን ረጅም ሰዓት ስለሚበስል፣ እንቁላሉም ተቀቅሎ ስለሚገባበት ስጋቱ አይነካንም የሚል ይኖራል። እሳት ሳልሞኔላን ይገድላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዶሮዋ በምትገነጠልበት ቢላዋና መክተፊያ ላይ ሰላጣ ሲከተፍ፣ እሳቱ የሚደርሰው ወጡ ዘንድ እንጂ ሰላጣው ዘንድ አይደለም።

ከታሪኩ የምንወስደው ሥርዓት ግልጽ ነው። ቁጥጥሩ ከወላጅ መንጋና ከማስፈልፈያው ይጀምር፤ እንቁላል ጣዩ ቤት ላይ የተጀመረ ቁጥጥር ሁልጊዜ የዘገየ ነውና። ከውጭ የሚገባው ጫጩት ሲደርስ ይመርመር። አርቢው ውጤቱን ሲገልጽ ለኪሳራ የሚዳረግ ከሆነ አይገልጽም፤ ስለዚህ ካሣና ማረጋገጫ የምርመራው አካል ተደርገው ይታሰቡ። እርባታው ገና በመስፋት ላይ ሳለ ይህን መሥራት፣ ከሰፋ በኋላ ሚሊዮን ዶሮ ከማረድ ይረክሳል፤ ብሪታንያ ይህን የተማረችው በኋላ ነው፣ እኛ ግን በፊት ለመማር ዕድሉ አለን።

ከእናንተ መካከል ነገ ወደ ዶሮ ቤት ገብታችሁ ናሙና የምትወስዱ አላችሁ። ውጤቱ ነጻ ነው ብሎ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ወረቀቱን ከመፈረማችሁ በፊት ይህ ዘዴ ምንን ማየት እንደማይችል ጠይቁ።